ከሰሌዳው ሳይቆረጥ የቆየው

ባለቤቴ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ኻርቱም ውስጥ የሠራው ሥራ ዱቄት መንፋት ነበር። ጎረቤት ሲጠይቀኝ እንዲህ ብዬ ስለምመልስ ወፍጮ ቤት የተቀጠረ የሚመስላቸው ነበሩ። ማስረዳቱ ስለሚደክመኝ እተወዋለሁ። ዱቄቱ ግን የእህል አይደለም፣ የብረት ነው። ግራጫ ነው፤ ከመላሙ የተነሣ ዕቃው ሲጋደል እንደ ውሃ ይፈስሳል።

ሪያድ ሰፈር አንድ የጥርስ ሐኪም ከክሊኒኩ ጀርባ ባለ ክፍል የጥርስ መሥሪያ ማሽን ነበረው። ያ ክፍል ዛሬ የለም። ጦርነቱ ሲመጣ በሩ ሳይቀር ተነቅሎ ተወሰደ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ሄጄ አላየሁትም። ስለ ጦርነቱ የሚጽፉ ሌሎች አሉ። እኔ ቤታችን ወዳለበት የኻርቱም ዳርቻ፣ ወደ ሶባ ተመልሼ፣ እጄ እንደ ፈቀደልኝ ቀስ እያልኩ የምጽፈው ከዚያ በፊት ስለ ሆነች አንዲት ነገር ነው።

ማሽኑ ቁም ሣጥን ያህላል። በሩ ላይ ትንሽ ባለ ቀለም መስታወት አለችው። ውስጡ ክብ፣ ወፍራም የብረት ሰሌዳ ይቀመጣል፤ የሻይ ትሪ አያክልም። አንድ ምላጭ እየሄደ በሰሌዳው ላይ ስስ የዱቄት ንጣፍ ያለብሳል። ከላይ ሌዘር የሚሉት ጨረር ይወርድና ዱቄቱን በተሳለለት መስመር እየተከተለ ያቀልጠዋል፤ የቀለጠው ወዲያው ይረጋል። ሰሌዳው በፀጉር ውፍረት ዝቅ ይላል፤ ምላጩ እንደገና ያለብሳል፤ ጨረሩ እንደገና ይሄዳል። እንዲህ ንጣፍ በንጣፍ ላይ ሲደራረብ አድሮ፣ ጠዋት ዱቄቱ በብሩሽ ሲጠረግ ከሥሩ ጥርስ ይገኛል። ከማሽኑ የተረፈው ዱቄት ደግሞ ለሚቀጥለው ሥራ ይነፋል። የባለቤቴ ድርሻ ይኼ ነበር።

መጀመሪያ የተቀጠረ ቀን ገና ጫማውን ሳያወልቅ፣

«ዛሬ ወንፊት ሰጡኝ» አለኝ።

«ወንፊት? ለአንተ?»

«ሳቂ፣ ሳቂ። ሙያ ነው።»

«እናትህ ቤት ወንፊት የት እንደሚሰቀል የማታውቅ ሰውዬ!»

«የኔን ወንፊት አንቺም አታውቂውም። ሞተር አለው። እየተንቀጠቀጠ ራሱ ነው የሚነፋው።»

«እንግዲያው ሥራው የወንፊቱ ነው። አንተ ምን ትሠራለህ?»

ትንሽ አሰበና፣ «እኔማ አየዋለሁ» አለ።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ሲመለስ «ዛሬስ ምን አየህ?» እለው ነበር። የሚያየው ብዙ ነበር። ዱቄቱ እርጥበት እንዳይነካው ይጠብቃል፤ ማሽኑ ሲዘጋ አየሩ እስኪወጣና አርጎን የሚባለው ጋዝ እስኪሞላ ይጠብቃል፤ የመጀመሪያው ንጣፍ ከሰሌዳው መያዝ አለመያዙን በመስታወቷ ያያል። የመጀመሪያው ካልያዘ ላዩ የሚደረበው ሁሉ ከንቱ ስለሆነ፣ በሩን ሲዘጋ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢስሚላህ ይል ነበር። የሚሠሩት ሱዳኖች በዚህ ይቀልዱበትና «ሼኹ ካልቀራበት አይይዝም» ይሉታል። ስሙ በዚያው ሼኹ ሆኖ ቀረ።

ሼኽ አልነበረም። ነገር ግን መንዙማ ያወጣ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ማዮ በሚባለው ሰፈር የወሎ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ቤት ነበረ። የሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች ፈቃድ ያገኙ እንደሆነ ይመጣሉ፤ ሻይ የሚሸጡ፣ ረክሻ የሚነዱ፣ ሥራ የፈቱም ይመጣሉ። እሱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። እኔ ያገኘሁትም እዚያ ነው፤ እዚያው ሪያድ ሰፈር አንድ ትልቅ ቤት ተቀጥሬ በነበረበት ጊዜ፣ ድካሜን ይዤ ከሴቶቹ ኋላ ተቀምጬ። ፊቱን ሳላየው ድምፁን ነው ያወቅሁት።

ጥርሱ የታመመው ዘግይቶ ነው። የታችኞቹ የፊት ጥርሶቹ እየተነቃነቁ አንድ በአንድ ወለቁ። ከዚያ በኋላ ግጥሙን ሲያወጣ ትንፋሹ በመሃል እያመለጠ ቃሉ ይሟሽሽበት ጀመር። ማንም አልሳቀበትም። እሱ ግን አንድ ሐሙስ ሌላው እንዲያወጣ ነግሮ ከተቀባዮቹ መካከል ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ አላወጣም። ቤት ውስጥ እንኳ ሲያንጎራጉር አልሰማሁትም።

ሐኪሙ ይህን ሲያይ አፉን በጀሶ ቀረጸለትና ጀሶውን በኮምፒውተር አነሣው። «ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚተከልበት ማቀፊያ እንሠራልሃለን» አለው። ማቀፊያው ብረት ነው፤ እንደ ፈረስ ኮቴ ታጥፎ ከምላስ ሥር ይገባና በቀሩት ጥርሶች ላይ ትንንሽ ክንዶቹን ያሳርፋል። ለአንድ አፍ የተሠራ ለሌላ አይሆንም። እንግዲህ ቀላል ነገር ነበር፤ ዱቄቱም ማሽኑም እጁ ላይ ነው። ነገር ግን ሰሌዳው ትንሽ ነው፤ በሽተኞችም ሁልጊዜ አሉ። በየሳምንቱ «በሚቀጥለው» እያለ የራሱን ያሳልፈው ነበር።

«ምነው?» እለዋለሁ።

«ቦታ አልተረፈም። የሰው ይቀድማል።»

«አንተ ሰው አይደለህም?»

«እኔ የቤት ልጅ ነኝ። የቤት ልጅ እንግዳ ከበላ በኋላ ነው የሚበላው።»

«በምን ጥርሱ?»

ይህን ስለው አፉን በእጁ ከልሎ ሳቀ።

በመጨረሻ ሐኪሙ ራሱ ሰለቸው። አንድ ሐሙስ ከሰዓት፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ ሰሌዳውን ለእሱ ብቻ ሰጠው። ወደ ቤት የመጣው እንዳፈረ ሰው ሆኖ ነው።

«ሙሉ ሰሌዳ!» አለኝ። «መሃሉ ላይ አንድ የኔ ብቻ። ዙሪያው ባዶ። በሩን ራሴ ዘጋሁት።»

«ቢስሚላህ አልክ?»

«ጮክ ብዬ። እየሳቁብኝ።»

እራት እየበላን የቀረውን ነገረኝ። አርብና ቅዳሜ ክሊኒኩ ዝግ ነው፤ እሑድ ዱቄቱ ይጠረጋል፣ ከዚያ ከነሰሌዳው የኤሌክትሪክ ምድጃ ይገባል። «ምድጃው ለምንድን ነው? ተሠርቶ የለም እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁት። ብረቱ ቀልጦ ሲረጋ እንደሚኮማተር አስረዳኝ። ሰሌዳው አጥብቆ ስለያዘው ነው እንጂ ውስጡ መታጠፍ ይፈልጋል። ምድጃ ገብቶ በዝግታ ግሎ፣ በዝግታ ከቀዘቀዘ ውጥረቱ ይወጣለታል። ያን ሳያገኝ ከቆረጡት ግን እንደ ተለቀቀ ሽቦ ብድግ ይላል። «ከዚያ ወዲያ» አለኝ፣ «የማንም አፍ አይሆንም።»

አርብ ጠዋት ደረቱን ያዘው። ሶባ ሆስፒታል ቅርባችን ነው፤ በረክሻ ወሰድነው። ልቡ ነው አሉን። ስለዚያ ሳምንት ብዙ አልጽፍም። ሳምንቱን አልጨረሰውም።

ዒዳ ተቀመጥኩ። ባሏ የሞተባት ሴት ጊዜው እስኪሞላ ከቤት አትወጣም፤ ሱዳኖቹ ጎረቤቶቼ በእነሱ ደንብ ቶብ የሚሉትን ነጭ መጎናጸፊያ አምጥተው አለበሱኝ። ቤቴ አንድ ክፍል ናት። የምትጠረግ ትንሽ ናት፤ የምትታጠብ ትንሽ ናት፤ ከዚያ ቀኑ ይቀራል። ሰው ይመጣል፣ ሁለት መዳፉን ዘርግቶ ፋቲሓ ይቀራል፣ ይቀመጣል፣ ይሄዳል። እንቅልፍ ይዞኝ ያውቃል ሰው ፊት።

ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ወጣት ቴክኒሻንም መጣ። በሩ ላይ ቆሞ፣ መጋረጃው መካከላችን እንዳለ፣ ፋቲሓውን ጨረሰና፣

«ኻልቲ» አለኝ፤ አክስቴ ማለቱ ነው፤ «የሼኹ ነገር እኛ ዘንድ ነው። ዱቄቱን ጠርገንለታል። ምድጃ በእጁ ያስገባዋል ብለን ትተነው ነበር።»

«አቆዩልኝ» አልኩት።

«አማና ነው፣ ወላሂ፣ የሼኹ አደራ። እጃችንን አናሳርፍበትም።»

ከዚህ ሌላ አልተነጋገርንም። እኔ የታየኝ መሳቢያ ውስጥ የምትቀመጥ ትንሽ ብረት ናት። የክሊኒኩ ሰሌዳዎች ሁለት ብቻ መሆናቸውን አላውቅም ነበር። እነሱም ኀዘን ላይ ያለችን ሴት «ቶሎ በይ» ማለት ነውር ስለሆነባቸው አልላኩብኝም።

ከማዮ የምትመጣ፣ ሁላችንም እንደ እናት የምናያት የወሎ ሴት ነበረች። ነገሩን ለእሷ አጫወትኳት።

«አፉ ያልገባ ነገር የሱ አይደለም» አለችኝ። «ብረት ነው። ሽጪውና ሰደቃ አውጪበት።»

«ማን ይገዛዋል እማ? የአንድ ሰው አፍ ነው።»

«እንግዲያው ምን ልታደርጊበት ነው?»

«እንጃ። ላየው እፈልጋለሁ። እሱ አላየውም።»

የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ከዚያ፣ «ሳያየው መሞቱን አልነገርሽኝም» አለች።

ዒዳዬ ሲያበቃ መጀመሪያ የሄድኩት ወደዚያ ነው። ከሶባ የሚነሣው ሃፍላ፣ ሚኒባሱ ማለቴ ነው፣ ሳይሞላ አይንቀሳቀስም፤ ከሞላም በኋላ ይቆማል። እግሬ መንገድ ረስቷል። ክሊኒኩ ስደርስ ከህረባ፣ መብራቱ ማለቴ ነው፣ ጠፍቶ፣ ማራገቢያው ቆሞ፣ ሰው ሁሉ በወረቀት ፊቱን ያራግባል። ሐኪሙ በሽተኛ ይዟል ተባልኩና መጠበቂያው ላይ ተቀመጥኩ።

አጠገቤ አንዲት ሱዳናዊት አሮጊት ነበረች፤ የቶቧን ጫፍ አፏ ላይ ይዛለች።

«አንቺም ለጥርስ ነው?» አለችኝ።

«አዎ፣ ሐቦባ» አልኳት፤ አያቴ እንደ ማለት ነው።

«ታገሺ እንግዲህ። እኔን የዓሲዳ ገንፎ ሲያስልሱኝ ስንት ጊዜያቸው! በመጣሁ ቁጥር ሰሌዳ የለም፣ ሰሌዳ የለም። ሰሌዳ ምንድን ነው? ጥርስ ይጋግራሉ እንዴ?»

«የለም? አልቆ ነው?»

«ሁለት ነበር አሉ። አንዱ ላይ የሆነ ሰው ነገር ተቀምጦበታል፤ እሱ ካልመጣ አይነካም። ምን ዓይነት ሰው ነው? ጥርሱን ጥሎ የሚሄድ!»

ፊቴን ወደ በሩ አዞርኩ። ቴክኒሻኑ ሲያየኝ ጮክ ብሎ «ኻልቲ! አልሐምዱ ሊላህ፣ ወጣሽ!» ሲል፣ አሮጊቷ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየች።

ወደ ጀርባው ክፍል ወሰደኝ። ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወረደና ጠረጴዛው ላይ ፈታው። ሰሌዳው በመካከሉ ማቀፊያውን ይዟል። ማቀፊያው ከሰሌዳው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በክር በሚያህሉ የብረት ድጋፎች ላይ ቆሟል። ብረቱ ያልተወለወለ ሸክላ ይመስላል፤ አያበራም፣ ይሻክራል። ነካሁት። ጣቴን ወጋኝ።

ከዚያ ሐኪሙ ገባ። መዳፉን ዘርግቶ ፋቲሓውን ቀራ። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል፤ እሱም የደከመው ሰው ነው።

«እኅቴ፣ ፈቃድሽ ከሆነ አሁኑኑ ቆርጠን እንስጥሽ» አለኝ። «ሰሌዳው ያስፈልገናል። አልደብቅሽም።»

«ምድጃ ገብቷል?» አልኩ።

ቴክኒሻኑ አንገቱን ደፋ። «አማና ነውና አልነካነውም።»

«እንግዲያው ይጣመማል።»

ሐኪሙ አየኝ። ከማን እንደ ሰማሁት ገብቶታል። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ይጣመም ይሆናል» አለ በቀስታ። «ከህረባ የለም። ለጄነሬተሩ ናፍጣ የለንም። መብራት ቢመጣ እንኳ ምድጃው ለመጋል ሰዓታት ይፈጃል፣ ለመቀዝቀዝ ደግሞ ያድራል። መዓሌሽ፣ ይቅርታ፣ እኅቴ፣ ልጠይቅሽ። ማንም አፉ ውስጥ አያደርገውም። ቢጣመም ማንን ይጎዳል?»

ማንንም አይጎዳም። እውነቱን ነው። በመንገድ ላይ ሁሉ ራሴን ስጠይቅ የመጣሁት ይህንኑ ነበር፤ ከሰው አፍ ስሰማው ግን ሰሌዳውን በእጄ ያዝኩት። ውጭ ደግሞ አሮጊቷ አለች። ባለቤቴ ቢኖር ምን እንደሚል አውቃለሁ። የሰው ይቀድማል ብሎ በገዛ እጁ ይቆርጠው ነበር።

«ለአፉ ነው የተሠራው» አልኩ። «እንደ አፉ ይሁን። የቀረ ሌላ ነገር የለም።»

ቴክኒሻኑ ጨርቁን ማጠፍ ጀመረ። በዚህ መካከል አሮጊቷ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል።

«የሞተ ሰው ጥርስ ነው እንዴ ያስጠበቀኝ?» አለች።

«የባለቤቴ ነው፣ ሐቦባ።»

ቶቧን ከአፏ ላይ ለቀቀችና መዳፏን ዘርግታ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ስትጨርስ ወደ ሐኪሙ ዞረች።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ዓሲዳ የላሰ ሰው ለአንድ አዳር አይሞትም። የሷን አድርጉላት። ነገ ግን፣ ወላሂ፣ በሩን ሰብሬ ነው የምገባው።»

«በምን ኃይልሽ፣ ሐቦባ?» አለ ቴክኒሻኑ።

«ጥርስ ስጠኝና ታየዋለህ!»

ሐኪሙ ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገ። «ከህረባ ከመጣ» አለ። «ኢንሻአላህ።»

ጠበቅን። በሽተኞቹ ተራ በተራ ወደየቤታቸው ሄዱ። አሮጊቷ ከእኔ አልተለየችም፤ ስለ ልጆቿ አወራችኝ፣ መካከል ላይ አንቀላፋች፣ ነቅታ ካቆመችበት ቀጠለች። እኔም መስማቴን ሳላውቅ እሰማ ነበር። የከሰዓቱ የዐስር ሰላት ሊደርስ ሲል ማራገቢያው ጓ ብሎ ዞረ፤ ከጀርባው ክፍል «ያላ!» የሚል ጩኸት ሰማን። ቴክኒሻኑ ሰሌዳውን በሁለት እጁ ይዞ ምድጃው አፍ ላይ ሲቆም ጠራኝ። በሩን እኔ ዘጋሁት። ሌሊት ላይ መብራት ቢጠፋስ ብዬ አልጠየቅሁም። ያ የእኔ ሥራ አልነበረም፤ የማንም አልነበረም።

ሶባ ደርሼ የበላሁትን አላስታውስም። በማግስቱ ስመለስ ሰሌዳው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ከሙቀቱ ጠቁሯል። መብራቱ አልጠፋም።

ቴክኒሻኑ መነጽሩን አደረገና በምትሽከረከር ስስ መቁረጫ ድጋፎቹን አንድ በአንድ ይቆርጣቸው ጀመር። እኔ ሰሌዳውን ከወዲያ በኩል ይዤለታለሁ። እያንዳንዱ ድጋፍ ሲቆረጥ ትንሽ ንዝረት በጣቴ ይመጣል። የመጨረሻው ለቀቀ። ማቀፊያው አልዘለለም። ዝም ብሎ እጁ ላይ ወደቀ።

ከመደርደሪያው የጀሶውን አፍ አወረደ። በእርሳስ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ስም የለውም። ግን የማን እንደ ሆነ አይጠፋኝም፤ ያ ወደ ግራ ያዘነበለ የጎን ጥርስ፣ ከፊት ያ ክፍት ቦታ። ቴክኒሻኑ ማቀፊያውን አስጠጋው፣ በሁለት አውራ ጣቱ ተጫነው። ቀጭ አለ። ነቀነቀው። አይነቃነቅም።

«ገባ፣ ኻልቲ» አለኝ። ድምፁ ተለውጧል። «ወላሂ፣ ልክ ገባ።»

«አየሁት» አልኩ።

ባለቤቴን ከቀበርን ወዲህ ሰው ፊት ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው። ብዙ አይደለም። ደክሞኝም ነበር።

«ሁለት ቀን ስጪኝ» አለኝ ቴክኒሻኑ። «ላወልውለው። ጥርሱንም ልትከልበት። እንዲህ ሆኖ እኮ እጅ ይወጋል።»

«ይውጋ። አንተ የሐቦባን ሥራ።»

ማቀፊያውን ከነጀሶው በዚያ ነጭ ጨርቅ ጠቀለለልኝ። ልነሣ ስል ሰሌዳው ላይ ዓይኔ አረፈ። መካከሉ ላይ የድጋፎቹ ጉቶ ቀርቷል፤ ነጠብጣቡ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ሠርቷል፤ የአፉን ቅርጽ። ሰሌዳው ሌላ ሥራ ከመያዙ በፊት ይህ ተሞርዶ መጥፋት አለበት። ቴክኒሻኑ መሞረጃውን አንሥቶ እኔን ያያል።

«ሞርደው» አልኩት። «ሰው እየጠበቀ ነው።»

ሞረደው። ሐኪሙ ከክሊኒኩ በኩል የአሮጊቷን አፍ በኮምፒውተሩ አዘጋጅቶ ላከ። ዱቄቱ ተሞላ፤ ሌላ ሰው ነው የነፋው። ሰሌዳው ጠርቶ እንደ ሳንቲም እያበራ ገባ። ቴክኒሻኑ በሩን ዘጋና ወደ እኔ ዞር ሳይል፣ እንደ ባለቤቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቢስሚላህ አለ። ሠራተኞቹ አልሳቁም።

በመስታወቷ ጎንበስ ብዬ አየሁ። የመጀመሪያው ንጣፍ ያዘ። ጨርቁን ደረቴ ላይ ይዤ፣ ሃፍላው ሳይሞላ ለመድረስ ወጣሁ።